ኤዲተሩ ሳይንቀራፈፍ ሪፋክተር ማድረግ፦ ታይፕስክሪፕት ከኔምስፔስ ወደ ሞጁል የተሻገረበት የጉዳይ ጥናት

በታይፕስክሪፕት (ታይፕ የተጨመረበት ጃቫስክሪፕት) ኮምፓይለር ምንጭ ኮድ ውስጥ «ቼከር» የሚባል ፋይል አለ። የታይፕ ፍተሻው ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚሠራው እዚያ ነው። በ2021 ከ42,000 መስመር በላይ ነበረው፣ ከዚያ ወዲህ 50,000ን አልፏል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ርዝመቱ ብቻውን ባልከፋ። አብዛኛው ኮድ ያለው ግን በአንድ ፈንክሽን ሆድ ውስጥ ነው። ቼከሩን የሚፈጥረው ፈንክሽን አንዴ ሲጠራ ውስጡ ያሉት እጅግ ብዙ ፈንክሽኖች ካሽና መቁጠሪያቸውን ሁሉ በክሎዠር (የከበባቸውን ፈንክሽን ተለዋዋጮች በመጠቀም) ይጋራሉ። ፋይሉን ለመቆራረጥ የሞከረ ሰው መጀመሪያ የሚጋጨው ከዚህ ጋር ነው።

ይህን ፋይል የያዘው ኮድ እንዳለ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች፣ በ2022 መጨረሻ ላይ ከኔምስፔስ (ስሞችን በአንድ የጋራ ስም ሥር ከሚሰበስበው አሠራር) ወደ ሞጁል (እያንዳንዱ ፋይል የሚፈልገውን በኢምፖርት ወደሚያመጣበት) ተዛወረ። ውጤቱም በማርች 2023 በታይፕስክሪፕት 5.0 ወጣ። ለውጡ ያልነካው መስመር የለም ማለት ይቻላል፤ ኔምስፔስ ሲወልቅ ከእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ አንድ ደረጃ ኢንደንት ይቀነሳልና። በዚያ ላይ ሌሎች ሰዎች በዚያው ኮድ ላይ በየቀኑ ይሠሩ ነበር፤ «ለሁለት ሳምንት እጃችሁን ሰብስቡ» የሚባልበት ፕሮጀክት አይደለም።

የሪፋክተሪንግ (የኮዱን ሥራ ሳይቀይሩ አወቃቀሩን የማስተካከል) መሣሪያ ሲመረጥ አብዛኛው ሰው ዓይኑን የሚጥለው የችሎታ ዝርዝሩ ላይ ነው፦ ስም መቀየር፣ ፈንክሽን ማውጣት፣ ፋይል ማዛወር። ይህ ጉዳይ የሚያሳየው ከዚያ በፊት ሌላ ጥያቄ እንዳለ ነው፦ ሥራው የሚሠራው በየትኛው ፕሮሰስ ውስጥ ነው? እየጻፉበት ካለው ኤዲተር ጋር ሲፒዩና ሚሞሪ የሚሻማ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን ጣትዎ ከሚጽፈው ወደኋላ ይጎትትዎታል።

ማን ነው የሚያንቀራፍፈው?

ቪኤስ ኮድ የሚባለውን ኤዲተር እንውሰድ፤ ብዙው ሰው የሚሠራበት እሱ ስለሆነ። መስኮቱን የሚስለው ፕሮሰስ ለብቻው ነው። ፕለጊኖቹ ደግሞ «ኤክስቴንሽን ሆስት» በሚባል ሌላ ፕሮሰስ ውስጥ በጋራ ያድራሉ። ታይፕስክሪፕትን የሚያውቀው «ቲኤስ ሰርቨር» ከሁለቱም ውጭ ይሮጣል፤ እሱም በተለምዶ ሁለት ሆኖ ይነሳል። አንዱ ሲንታክስ ብቻ የሚያይ ቀለል ያለ ሰርቨር ሲሆን ሌላው ፕሮጀክቱን በሙሉ ጭኖ ታይፕ የሚያሰላው ነው። ቀላሉ የሚያስፈልገው ከባዱ ፕሮጀክቱን ጭኖ እስኪጨርስ የፋይሉ ማውጫና ኮድ ማጠፊያው እንዳይቋረጥ ነው።

ይህ ክፍፍል ሲታወቅ ምልክቶቹም ይለያያሉ። ፊደል ሲጫኑ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ዘግይቶ ከሆነ ችግሩ ያለው መስኮቱን በሚስለው ፕሮሰስ ነው። መጻፉ ሳይቸግር ጥቆማው፣ ቀይ መስመሩና የማስተካከያ አማራጭ የምታሳየው አምፖል አብረው ከጠፉ ተጠርጣሪው ኤክስቴንሽን ሆስት ነው። የሌላ ቋንቋ ፋይል ላይ ሁሉም ደህና ሆኖ የታይፕስክሪፕቱ ብቻ ስታክ ካደረገ ጣት የሚቀሰረው ወደ ቲኤስ ሰርቨር ነው። ሦስቱን ሳይለዩ አዲስ ኮምፒውተር መግዛት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆናል።

የኤክስቴንሽን ሆስቱ ችግር ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ያው የቼከር ፋይል አንድ ጊዜ በግልጽ አሳይቷል። በ2016 የወጣና ከ10 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የወረደ «ብራኬት ፔር ከለራይዘር» የሚባል ፕለጊን ነበር፤ ጥንድ ቅንፎችን እንደ ጥልቀታቸው በተለያየ ቀለም ይቀባል። ቼከርን ሲከፍቱ ቀለሙ እስኪታይ ከ10 ሰከንድ በላይ ይፈጅ ነበር። በዚያ ጊዜ ኤክስቴንሽን ሆስቱ ሲፒዩውን መቶ በመቶ ይይዛል፤ በዚያ በኩል የሚያልፈው ጥቆማም ሆነ የስሕተት ምልክት ይቆማል። ፋይል ማስቀመጥና መጻፍ ግን ይቻላል፤ መስኮቱ ለብቻው ፕሮሰስ ነውና። ደራሲው ችግሩ ሳይገባው ቀርቶ አልነበረም። በ2018 ያወጣው ሁለተኛው ስሪት ብዙ ተሻሽሎ ነበር፤ የሚይዘው ፕለጊኖች ከኤዲተሩ ጋር የሚነጋገሩበት ኤፒአይ ራሱ ነበር፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቅንፎችን በፍጥነት ለማመላለስ የተሠራ አይደለም። መፍትሔው የተገኘው ሥራው ወደ ኤዲተሩ ራሱ ሲገባ ነው። የኦገስት 2021 ስሪት በሆነው 1.60 ቅንፎቹ በተመጣጠነ ዛፍ ተይዘው አንድ ፊደል ሲጨመር የሚሰላው የተነካው ቅርንጫፍ ብቻ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ለሪፋክተሪንግ የሚወሰደው ነገር አለ። በፕለጊኑ ውስጥ የራሱን ፓርሰር (ኮዱን አንብቦ መዋቅሩን የሚያወጣ) ይዞ የሚመጣና በእያንዳንዱ ፊደል ምት ፋይሉን ከላይ እስከ ታች የሚያነብ መሣሪያ ዋጋውን የሚያስከፍለው ትንሽ ፋይል ላይ አይደለም። 300 መስመር ላይ ሞክሮ «ፈጣን ነው» ማለት ምንም አይነግርም። በፕሮጀክቱ ውስጥ ያለውን ትልቁን ፋይል ከፍቶ መሞከር ነው። ኤዲተሩም በራሱ አያድንዎትም፤ ቪኤስ ኮድ ቀለም መቀባቱንና መሰል ነገሮችን የሚያቋርጠው ፋይሉ ከ20 ሜጋባይት ወይም ከ300,000 መስመር ሲበልጥ ነው። ቼከር ከዚያ ገደብ በታች ስለሆነ ሁሉም ነገር በሙሉ ኃይሉ ይሮጥበታል።

ምርመራው

መጀመሪያ ኤዲተሩን ፕለጊኖቹ ሁሉ ጠፍተው ማስነሳትና ያንኑ ትልቅ ፋይል መክፈት ነው። አሁንም ከዘገየ ፕለጊን መንቀል ጊዜ ማባከን ነው፤ ወደ ቲኤስ ሰርቨር ይሂዱ። ከፈጠነ ግን ጥፋተኛው ከፕለጊኖቹ መካከል ነው። «ሾው ራኒንግ ኤክስቴንሽንስ» የሚለው ትእዛዝ እያንዳንዱ ፕለጊን ሲነሳ ስንት ሚሊሰከንድ እንደፈጀ ያሳያል። እዚያው መቅጃ አለ፦ ተጭነው ፋይሉ ላይ ትንሽ ይጻፉ፣ ያቁሙት፤ ሲፒዩውን ማን እንደበላው በስም ይወጣል። ይህም ካልለየለት «ኤክስቴንሽን ባይሴክት» አለ፤ ግማሾቹን እያጠፋ «አሁንስ?» ይላል። 32 ፕለጊን ቢኖርዎት በ5 ዙር አንዱ ላይ ይደርሳል። በ«ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር» ደግሞ የትኛው ፕሮሰስ ስንት ሚሞሪ እንደያዘ በቀጥታ ይታያል።

ቲኤስ ሰርቨር ላይ ከደረሱ መጀመሪያ የሚታየው የሚሞሪ ጣሪያው ነው። በቪኤስ ኮድ የተለመደው ገደብ 3,072 ሜጋባይት ነው። ሰርቨሩ ወደዚያ ሲጠጋ ወዲያው አይሞትም፤ ቆሻሻ ሚሞሪ መሰብሰብ ላይ ተጠምዶ መልስ መስጠት ያዘገያል። «ሰሞኑን ከብዶታል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ገደቡን ከፍ ማድረግ ይረዳል፣ ግን መጀመሪያ ፕሮጀክቱ ውስጥ መግባት የሌለበት የቢልድ ውጤት ወይም የተገለበጠ ፎልደር በስሕተት አለመካተቱን ማየት ይበጃል። ጣሪያውን ወደ 8,000 ሰቅሎ የቢልድ ፎልደሩን እንደገና እያነበበ የሚውል ሰርቨር ማየት የተለመደ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይዘነጋል፦ ኢኤስሊንት፣ ኮዱ ደንብ መጠበቁን የሚፈትሸው ሊንተር። ታይፕ የሚጠይቁ ደንቦች ሲበሩበት የራሱን የታይፕስክሪፕት ፕሮግራም በራሱ ፕሮሰስ ውስጥ ይገነባል። ቲኤስ ሰርቨር ያሰላውን አይዋስም፤ ስለዚህ ፕሮጀክቱ ሁለት ጊዜ ሚሞሪ ላይ ይቀመጣል። ኢኤስሊንት ከፊደል ምት ይልቅ ፋይል ሲቀመጥ ብቻ እንዲሮጥ ማድረግ በአንድ ሴቲንግ የሚያልቅ ነው። «ታይሚንግ» የሚለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ 1 አድርገው ከተርሚናል ቢያስነሱት የትኛው ደንብ ስንት ጊዜ እንደበላ በሰንጠረዥ ያወጣልዎታል። ኢምፖርቶች ዞረው እርስ በርስ መግጠማቸውን የሚያስሰው ደንብ ከላይ ቢገኝ አይደነቁ፤ ፋይል ከፋይል እየተከተለ የሚሄድ ነው። እሱን ከኤዲተሩ አውጥቶ ኮዱ ሲገፋ በሰርቨር ላይ ብቻ እንዲሮጥ ማድረግ ማንንም አይጎዳም።

አማራጮቹ በቼከር ላይ ሲመዘኑ

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ይህን የሚያህል ለውጥ በኤዲተሩ የራሱ ሪፋክተሪንግ ማካሄድ ይቻል ነበር?

የቲኤስ ሰርቨር ሪፋክተሪንጎች ጥሩ ናቸው፤ ታይፕ ያውቃሉ፣ ተጨማሪ ፕሮሰስም አያስነሱም፤ ዕውቀቱን ሰርቨሩ ለጥቆማ ሲል አስቀድሞ ሰብስቦታል። ለዕለት ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ፕለጊን መፈለግ አያስፈልግም የሚያሰኝ ነው። ግን አንድ ክር ላይ የሚሮጥ ፕሮግራም ነው፤ ጥያቄዎች ተራ ይይዛሉ። ጠቋሚው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ኤዲተሩ አምፖሏን ያሳይ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ጥያቄው የኮድ አክሽን (በአምፖሏ ሥር የሚቀርብ ማስተካከያ) ላለው ፕለጊን ሁሉ ይደርሳል። ስለዚህ ሦስት የሪፋክተሪንግ ፕለጊን መደርደር ማለት በአንድ የጠቋሚ እርምጃ ሦስት ተጨማሪ መልስ መጠበቅ ነው፤ ብዙ ጊዜም ለአንድ ዓይነት ጥቆማ።

ቼከር ውስጥ ጥቂት መስመር መርጠው «ፈንክሽን አውጣ» ቢሉ ሰርቨሩ የሚሠራውን በቅርበት ማየት ይጠቅማል። የተመረጠውን ኮድ የከበበውን እያንዳንዱን ስኮፕ ይወስዳል፦ የቅርቡ ውስጣዊ ፈንክሽን፣ ከዚያ የከበበው፣ እንዲህ እያለ እስከ ፋይሉ ደረጃ። ለእያንዳንዱ የትኞቹ ተለዋዋጮች ከውጭ እንደሚመጡ፣ የትኞቹ ውስጡ እንደሚቀየሩ፣ የሚመለሰው ምን እንደሆነ ያሰላል። ቼከር ውስጥ ያለ ኮድ ከግዙፉ ፈንክሽን ክሎዠር ብዙ ነገር ስለሚነካ፣ ወደ ፋይሉ ደረጃ ይውጣ ሲባል የነካው ሁሉ መለኪያ ሆኖ መግባት አለበት። ቀርቦ የሚታየው ምርጫ ሕጋዊ ነው፤ ውጤቱ ግን ሰባት ስምንት መለኪያ ያንጠለጠለ ፈንክሽን ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ መሣሪያው አላጠፋም። ፋይሉ ሳይከፋፈል የኖረበት ምክንያት ይኸው ነው።

ብዙ ፋይል የሚነካ ለውጥ ሲሆን ሌላ ጣጣ ይመጣል። ኤዲተሩ የሪፋክተሪንጉን ውጤት በአንድ ጥቅል ይቀበላል፣ በየፋይሉ ያሳርፈዋል፣ ያስቀምጠዋል። 400 ፋይል ከተነካ ፋይል ጠባቂው 400 ዜና ይሰማል፤ የኮድ ለውጥ መዝጋቢው ጊት ሁኔታውን እንደገና ይቆጥራል፤ ሊንተሩ ይነቃል፤ ሲቀመጥ ፎርማት አድርግ ከተባለ ፎርማተሩም ይከተላል፤ ቲኤስ ሰርቨሩ በበኩሉ የያዘውን ፕሮግራም አፍርሶ ይገነባል። እያንዳንዱ ለብቻው ትንሽ ነው፣ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ኤዲተሩ ይደርቃል። መሃል ላይ ሲደርቅ ደግሞ የትኛው ፋይል ተለውጦ የትኛው እንደቀረ የሚያውቅ የለም።

ለዚህ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን መደገም አለመቻሉ ነው። ዋናው ብራንች (የሁሉም ሥራ የሚገባበት የኮዱ መስመር) በየቀኑ ይቀየራል። ዛሬ በእጅ የተጫኑ መቶ ሪፋክተሪንጎች ነገ ከአዳዲስ ኮሚቶች (ከተመዘገቡ ለውጦች) ጋር ይጋጫሉ። ስክሪፕት ግን ነገም ከአዲሱ ኮድ ላይ ከዜሮ ይሮጣል፤ መርጅ የሚባል ጣጣ የለውም።

ስለዚህ ሥራው ከኤዲተሩ ውጭ ወጣ። ከውጭ መሣሪያዎችም መካከል ምርጫ ነበር። ኤኤስቲ-ግሬፕ በረስት ቋንቋ የተጻፈና ትሪ-ሲተር በሚባል ፓርሰር ኮዱን የሚያነብ ስለሆነ በጣም ፈጣን ነው። ጄኤስኮድሺፍት የማይነካውን ኮድ አጻጻፍ እንዳለ ይተዋል፣ ሥራውንም በሲፒዩ ኮሮች ላይ ያከፋፍላል። ሁለቱም ግን የሚያዩት የኮዱን ቅርጽ ነው፤ አንድ ስም የማን እንደሆነ አያውቁም። እዚህ ደግሞ ጥያቄው ሁሉ እሱ ነበር፦ «ኖድ» የሚለው ቃል በዚህ መስመር ላይ ከኔምስፔሱ የመጣው ነው ወይስ እዚሁ የታወጀ ተለዋዋጭ? ይህን የሚመልሰው የታይፕ ፈታሹ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ምርጫው በኮምፓይለሩ ኤፒአይ ላይ በተሠራው ቲኤስ-ሞርፍ ላይ ያረፈው። ስም የመለየት ጣጣ የሌለበት ለውጥ ቢሆን፣ ለምሳሌ አንድ የተወሰነ ጥሪ በሌላ መተካት፣ ቲኤስ-ሞርፍን መምረጥ ከንቱ ድካም ይሆን ነበር፤ ኤኤስቲ-ግሬፕ በሰከንዶች ይጨርሰዋል።

ቲኤስ-ሞርፍም ወጥመድ አለው። አንድ ቦታ በለወጡ ቁጥር ፋይሉን እንደገና ፓርስ አድርጎ ቀድሞ የሰጠዎትን ኖዶች (የኮዱን ዛፍ ክፍሎች) ከአዲሱ ዛፍ ጋር ያዛምዳል። የታይፕ መረጃም ከለውጥ በኋላ ሲጠየቅ ፕሮግራሙ እንደገና መገንባት አለበት። 50,000 መስመር ፋይል ላይ «ጠይቅ፣ ለውጥ፣ ጠይቅ፣ ለውጥ» እያለ የሚዞር ሉፕ ቢጽፉ ማለቂያ የለውም። ትክክለኛው አካሄድ ሁለት ምዕራፍ ነው፦ መጀመሪያ ምንም ሳይነኩ ሁሉንም ጠይቆ የሚለወጠውን ቦታና ጽሑፍ መሰብሰብ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ማሳረፍ። ሲያሳርፉም ከፋይሉ መጨረሻ ወደ መጀመሪያ ነው፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ለውጥ ከሱ በታች ያሉትን ቦታዎች ሁሉ ያዛንፋል። ሚሞሪም እንዳይሞላ የተጨረሰውን ፋይል ኖዶች «እርሳ» ማለት ያስፈልጋል።

አራቱ እርምጃዎች

ሽግግሩ በአንድ ትልቅ ኮሚት አልመጣም። በስክሪፕት የመነጩ ኮሚቶች በየስማቸው በታይፕስክሪፕት ሪፖ ታሪክ ውስጥ ዛሬም ይታያሉ፤ ቅደም ተከተላቸውም ታስቦበታል።

የመጀመሪያው ኢንደንት መቀነስ ብቻ ነው። ኔምስፔሱ እዚያው አለ፣ ቅንፎቹም አሉ፤ በውስጡ ያለው ኮድ ግን ወደ ግራ ተገፍቷል። ለጊዜው አስቀያሚ ይመስላል። ጥቅሙ እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈ ለሚያሳየው ጊት ብሌም ነው፦ ክፍተት ብቻ የለወጠ ኮሚት ለብቻው ከተቀመጠ ብሌም እንዲያልፈው ማዘዝ ይቻላል። ጊት ከ2.23 ስሪት ጀምሮ ችላ የሚባሉ ኮሚቶችን ዝርዝር ከፋይል ይቀበላል፤ ታይፕስክሪፕትም እንዲህ ያለ ፋይል አለው። ኢንደንቱና የይዘቱ ለውጥ በአንድ ኮሚት ቢደባለቁ ኖሮ የቼከር ሃምሳ ሺህ መስመር «ማን ጻፈው?» ሲባል መልሱ ሁልጊዜ አንድ ኮሚት በሆነ ነበር። የዓመታት ታሪክ ያለው ኮድ ላይ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ሁለተኛው ስውሩን ግልጽ ማድረግ ነው። ኔምስፔስ ውስጥ ሲጻፍ «ኖድ» ማለት ይበቃል፤ የማን እንደሆነ ኮምፓይለሩ ያውቀዋል። በዚህ እርምጃ ስክሪፕቱ እያንዳንዱን ስም ለታይፕ ፈታሹ እያሳየ ከኔምስፔስ የመጣውን ሁሉ ሙሉ ስሙን ያስይዘዋል፤ «ኖድ» የነበረው «ቲኤስ ነጥብ ኖድ» ይሆናል። ከዚህ በኋላም ኮዱ ያው የኔምስፔስ ኮድ ነው፤ ኮምፓይል ማድረግና የቴስት ውጤቱን ማየት ይቻላል። ስሕተት ካለ የመጣው ስም ከመለየት ነው፣ ከሌላ ከየትም አይደለም።

ሦስተኛው ኔምስፔሱን መግፈፍ ነው። በሆዱ የነበረው ሁሉ ወደ ፋይሉ ደረጃ ይወጣል፣ ፋይሉም ሞጁል ይሆናል። ግን በሁለተኛው እርምጃ የተጻፉት ሙሉ ስሞች አሁን ወደየት ያመለክታሉ? ለዚህ በየፕሮጀክቱ «ኔምስፔስስ» የሚል ፎልደር ተፈጠረ። በውስጡ ያሉት ፋይሎች የራሳቸው ኮድ የላቸውም፤ ሌሎቹን ሞጁሎች ሰብስበው እንደገና ኤክስፖርት ያደርጋሉ፤ ቅርጻቸውም ልክ እንደ ድሮው ኔምስፔስ ነው። እያንዳንዱ ፋይል ከዚያ «ቲኤስ»ን ኢምፖርት ሲያደርግ ሙሉ ስሞቹ ሁሉ እንደገና ይሠራሉ።

አራተኛው ኮዱን ወደ ቀድሞ መልኩ ይመልሳል። በየቦታው «ቲኤስ ነጥብ» እያለ የሚንዛዛ ኮድ ማንም አይፈልግም፤ ስለዚህ ስክሪፕቱ የተጠቀመባቸውን ስሞች በፋይሉ ራስ ላይ አንድ በአንድ ኢምፖርት አድርጎ «ኖድ»ን እንደገና «ኖድ» ያደርገዋል። የቼከር የኢምፖርት ዝርዝር ከዚህ በኋላ ምን ያህል እንደረዘመ መገመት ነው። ሁሉም ቦታ ግን አልተሳካም። በዚያ ስኮፕ ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያለው ተለዋዋጭ ወይም መለኪያ ካለ አጭሩ ስም የሚያመለክተው ወደሱ ነው፤ ስክሪፕቱ ወደ አጭሩ ሊቀይረው አይገባም። እንዲህ ባለ ቦታ ሙሉ ስሙ እንዳለ ይቀራል። ፈልግና ተካ የሚጠቀም ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ኮምፓይለሩም ታይፖቹ ከተገጣጠሙ ዝም ሊል ይችላል።

ስክሪፕት ሊሠራው የማይችል ነገርም ነበር፦ የቢልድ ሂደቱ፣ ልዩ የሆኑ ጥቂት ፋይሎች፣ የታይፕ ማወጃው ፋይል አሠራር። እነዚህ በእጅ ተስተካክለው በጊት ፓች (ለውጡን ብቻ የያዘ ፋይል) መልክ ተቀመጡ፤ ከመነጩት ኮሚቶች በኋላ በተራ ይለጠፋሉ። ዋናው ብራንች ሲቀየር ስክሪፕቱ እንደገና ይሮጣል፣ ፓቹም እንደገና ይለጠፋል። አልለጠፍ ያለ ፓች ካለ የሚስተካከለው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ሳይነካ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በኤዲተሩ ላይ የወደቀ ጭነት የለም ማለት ይቻላል። ስክሪፕቱ በተርሚናል ይሮጣል። ሲሮጥ ያው ፎልደር በኤዲተር መከፈት የለበትም፤ አለበለዚያ ያ ሁሉ የፋይል ዜና በሌላ በር ተመልሶ ይመጣል። በጊት «ወርክትሪ» ሁለተኛ የሥራ ፎልደር ማውጣትና እዚያ ማስኬድ ይህን ያስቀራል፤ በመጀመሪያው ፎልደር ሥራ ይቀጥላል። ብራንች ሲቀይሩ ቲኤስ ሰርቨሩ ካልተረጋጋ ደግሞ ኤዲተሩን መዝጋት አያስፈልግም፤ «ሪስታርት ቲኤስ ሰርቨር» የሚለው ትእዛዝ ሰርቨሩን ብቻ ያስነሳዋል።

የተገኘው

ኔምስፔስ ውስጥ ያለ ፈንክሽን ኤክስፖርት ከሆነ፣ እዚያው ኔምስፔስ ውስጥ ቢሆንም ከሌላ ፋይል ሲጠራ የሚወጣው ጃቫስክሪፕት በዕቃው በኩል ይጠራዋል፦ መጀመሪያ «ቲኤስ» የሚለውን ዕቃ ይፈልጋል፣ ከዚያ ንብረቱን። ሞጁል ከሆነ በኋላ ኮድ ጠቅላዩ መሣሪያ ኢኤስቢልድ ሁሉን በአንድ ስኮፕ ጠቅልሎ ስለሚያወጣው ጥሪው ቀጥታ ይሆናል። ኮምፓይለር ይህን ጥሪ በሚሊዮኖች ጊዜ ያደርገዋል። በዚያ ላይ የሚወጣው ኮድ ከቀድሞው የጃቫስክሪፕት ደረጃ ኢኤስ5 ወደ ኢኤስ2018 ከፍ ብሏል።

የ5.0 የመልቀቂያ ማስታወሻ ከ4.9 ጋር አነጻጽሮ ያስቀመጠው ይህ ነው፦ ኮምፓይለሩ ራሱን ለመገንባት ቀድሞ ከሚፈጅበት 87 በመቶውን፣ የቪኤስ ኮድን ምንጭ ኮድ ለመገንባት 80 በመቶውን ጊዜ ይፈጃል። የሚወርደው ፓኬጅ መጠን ወደ 59 በመቶ ወርዷል። ይህ ሁሉ የሽግግሩ ብቻ ውጤት ተደርጎ መነበብ የለበትም። በ5.0 ውስጥ የኮምፓይለሩ የውስጥ ዕቃዎች ቅርጽ አንድ ዓይነት እንዲሆን ተደርጓል፣ ካሽም ተጨምሯል፤ አንዳንድ ቦታም የ«ሌት» እና «ኮንስት» ማወጃዎች ወደ «ቫር» ተመልሰዋል፤ ተለዋዋጩ ዋጋ ሳይሰጠው እንዳይነበብ ሞተሩ የሚያደርገው ፍተሻ ትኩስ በሆነ ኮድ ላይ ዋጋ ስለሚያስከፍል።

ቲኤስ ሰርቨርም ከዚያው ኮድ የሚገነባ ነው። ስለዚህ ከኤዲተር ውጭ የተካሄደው ሪፋክተሪንግ ዞሮ የሁሉንም ሰው ኤዲተር አፈጠነ፤ ስሪቱን ላሻሻለ ብቻ እርግጥ። ቪኤስ ኮድ የራሱን ታይፕስክሪፕት ይዞ ይመጣል፤ ፕሮጀክቱ የጫነው ሌላ ሊሆን ይችላል። የትኛው እየሮጠ እንደሆነ ሳያዩ ስለፍጥነት መከራከር አይቻልም። ታይፕስክሪፕት ፋይል ከፍተው በትእዛዝ መፈለጊያው ውስጥ የታይፕስክሪፕት ስሪት መምረጫውን ቢያስገቡ ሁለቱም ተዘርዝረው ይታያሉ።

ሌላም ያልታሰበ የሚመስል ጥቅም ነበር። ቡድኑ በኔምስፔስ ሲሠራ የራሱን ኢምፖርት ጥቆማና ኢምፖርት ማደራጃ በዕለት ሥራው አይጠቀምባቸውም ነበር፤ ኢምፖርት የሌለው ኮድ ምን ይደራጃል? ከሽግግሩ በኋላ ተጠቃሚው የሚያማርርበትን እያንዳንዱን ጉድለት እነሱም ቀመሱት። በዚያው ዓመት በ5.2 ስሪት ላይ ኮድን ወደ ነባር ፋይል ማዛወር ተጨመረ፤ ከ2.9 ጀምሮ የነበረው ወደ አዲስ ፋይል ብቻ ነበር።

ኢምፖርት ማደራጃውን ሲቀመጥ በራሱ እንዲሮጥ የሚያደርጉ ሰዎች አንድ ነገር ቢያስተካክሉ ይጠቀማሉ። የሴቲንጉ ዋጋ «ኤክስፕሊሲት» ሲሆን የሚሮጠው በእጅ ሲያስቀምጡ ብቻ ነው። «ኦልዌይስ» ከሆነ መስኮት ወይም ፋይል ሲቀይሩ በሚሆነው ራስ-ሰር ማስቀመጥ ላይም ይሮጣል፤ ገና ያልተጠቀሙበትን ኢምፖርት ሊያጠፋብዎ ይችላል፣ ረጅም የኢምፖርት ዝርዝር ባለው ፋይል ላይም በየጊዜው ሥራ ይጨምራል።

ያልተነካ ነገርም አለ። ቼከር ዛሬም አንድ ፋይል ነው። «ኔምስፔስስ» የሚለው ፎልደርም ለሽግግሩ ብቻ የተተከለ ድልድይ ይመስል ነበር፤ ከሽግግሩ በኋላም እዚያው ቆየ። ሞጁሎቹ እርስ በርስ ዞረው ይጠራሩ ነበርና፣ በኔምስፔስ ዘመን ማን ከማን በፊት እንደሚጫን የሚወስነው በኮምፓይለሩ ሴቲንግ የተጻፈው የፋይሎች ቅደም ተከተል ነበር። አሁን ያንን ሥርዓት የሚጠብቁት እነዚያ ሰብሳቢ ፋይሎች ናቸው። አንድን ፋይል ከነሱ አላቆ በቀጥታ ከምንጩ ኢምፖርት ማድረግ በኤዲተሩ ሁለት ጠቅታ ነው፤ የታይፕ ፍተሻውም ያልፋል። ኮዱ ሲነሳ ግን ገና ያልተጫነ ሞጁል ዋጋ ሊጠየቅ ይችላል፤ ያንን የሚያሳየው ሪፋክተሪንጉ ወይም ኮምፓይለሩ ሳይሆን ኮዱን ማስኬድ ነው።